ከብት የያዘው መንገድ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ተረት ስላልሆነ «የላም በረት» ብላችሁ አትቀበሉኝ፤ ላሞች ግን አሉበት፣ ብዙ ላሞች። የመንገድ ወሬ ነው። ከሐዋሳ ተነሥቶ፣ በአለታ ወንዶ ቡና መሃል አልፎ፣ ወደ ሐገረ ሰላምና ወደ ቦሬ ጉም ውስጥ ወጥቶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ክብረ መንግሥት ወርዶ፣ ወደራን አቋርጦ ነገሌ ቦረና የሚገባው የዚያ ረጅም መንገድ ወሬ። የምታውቁት እየታገሣችሁ፣ የማታውቁት እየተከተላችሁ አብረን እንወርዳለን።

ነገሩ የሆነው ድርቁ ያን ሁሉ የቦረና ከብት ሳይፈጅ በፊት ነው፤ መንገዱ ሰላም፣ ሣሩም ሣር በነበረበት ጊዜ። ሁለት ሰዎች ከሐዋሳ በብስክሌት ተነሡ። ሐዋሳ እንደምታውቋት ሜዳ ናት፣ ብስክሌት ያሳደገች ከተማ ናት። አንደኛው ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሃምሳን ያለፉ፣ አዶላ ተወልደው ያደጉ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል የሚቀናቸው። ሁለተኛው የእህታቸው ልጅ ነው፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ እግሩ ጠንካራ፣ ትዕግሥቱ አጭር። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ስም ካነሣሁ ዘመድ ይቆጠራል፣ ዘመድ መቆጠር ከተጀመረ ደግሞ ዛሬ ነገሌ አንደርስም። የጋሼ ብስክሌት የድሮ ብረት ነው፣ ከባድ፣ ብርድ ልብስና የውሃ ጀሪካን ከኋላው የታሰረበት። የልጁ ቀጭን ጎማ፣ ብዙ ማርሽ ያለው ነው፤ እሱም ራሱ ላይ ሄልሜት፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መነጽር፣ ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ አለ።

አለታ ወንዶ ሲደርሱ ሕፃናት ከየአጥሩ እየወጡ ልጁን ተከትለው «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይሮጡ ጀመር። ጋሼን ግን ማንም ፈረንጅ አላለም። ልጁ ተናደደና «ጋሼ፣ እኔ ምኔ ነው ፈረንጅ?» አለ፤ ጋሼም ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ «ዓይንህ አይታይም፣ ሲጠሩህ አትሰማ፣ ሰላም ሲሉህ አትመልስ፤ ታዲያ ምን ይበሉህ?» አሉት።

በነገራችን ላይ ይህች አገር ለብስክሌተኛ አዲስ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርኑ ውድድር፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ግን እነዚህ ሁሉ የጋለቡት መንገዱ በፖሊስ ተዘግቶላቸው ነው። የእኛ ሁለት ሰዎች መንገድ ማንም አልዘጋላቸውም፤ እንዲያውም መንገዱ ከእነሱ በፊት ባለቤት ነበረው።

ከዚያ ወደ ደጋው ወጡ። ሐገረ ሰላምን አልፈው ቦሬ ሲቃረቡ እንሰቱና ቀርከሃው በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡም ካፊያ ይሁን ጤዛ ሳይታወቅ ልብስ ያረጥብ ጀመር። እዚህ ላይ ጋሼ ከብስክሌታቸው ወርደው ከጓዛቸው ሁለት ቢጫ ሰደርያ አወጡ፤ መንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨውን። ልጁ «የመንገድ ሠራተኛ ልመስል ነው?» ብሎ አኮረፈ። «ምሰል፤ ሾፌሩ አይቶህ ቢስቅብህ ይሻላል» አሉት። ቀጥለውም ከጆሮው ላይ ሙዚቃውን በእጃቸው ነቅለው ኪሱ ውስጥ ከተቱለትና «ከኋላ የሚመጣውን የምታየው በጆሮህ ነው» አሉት። አንድም ተጨማሪ ቃል አልተናገሩም። ብዙም ሳይቆይ አንድ አይሱዙ መብራቱን ሳያበራ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ ልጁ ድምፁን ቀድሞ ሰምቶ ነበርና ዳር ይዞ ቆመ። ከዚያ ቁልቁለቱን፣ የረጠበ ፍሬን ቶሎ ስለማይዝ፣ ገና ከላይ ጀምረው ጠብ ጠብ እያደረጉ ወረዱና ክብረ መንግሥት አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ጎሚስታው ዘንድ ጎማ አስነፍተው ወደ ወደራ ተጓዙ። የወደራን ጫካ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ትልልቅ ዛፎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ጥላው አስፋልቱን ይዞ። በዚህ አካባቢ ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ አንድ ወፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1893 እዚሁ ደቡብ ውስጥ በዝሆን በተገደለ ሩስፖሊ በተባለ የጣሊያን መስፍን ስም የሚጠራ። ጋሼ ወፉን ለማሳየት ቀና ሲሉ ልጁ ቀድሟቸው ሄዷል። ቁልቁለት አግኝቶ የለ።

እናም ከጫካው ሲወጣ፣ መንገዱ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ፣ ከብቶቹን አገኘ። ወደ ውሃ የሚሄዱ ናቸው፤ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ይዘው፣ ቀንዳቸው ከፍ ብሎ፣ ሳይቸኩሉ። ነጂያቸው የዐሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነው፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከፊት የሚሄድ። አሁን ልብ በሉልኝ፤ ከብት መኪናን ከሩቅ ይሰማዋል፣ ለምዶታልም። ብስክሌት ግን ድምፅ የለውም፤ ከኋላ ድንገት ሲደርስ ከብቱ የሚያውቀው ነገር ስላልሆነ አውሬ ይመስለዋል። የእኛ ልጅ ፍጥነቱን መቀነስ ሲገባው ደወሉን ቂል ቂል እያደረገ በሁለት በሬዎች መካከል ሾለከ። አንዲት እርጉዝ ጊደር ደንብራ ቦዩን ዘለለችና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች፤ ሌሎቹም ተበተኑ። እረኛው ዞሮ አየ። ከዚያም የእረኛ እጅ የለመደውን አደረገ፤ ድንጋይ አነሣ፣ ወረወረ፣ ድንጋዩም የኋላውን ጎማ መታው።

ልጁ ብስክሌቱን ጥሎ እረኛውን ማባረር ጀመረ። እረኛው ጮኸ። በዚያ አገር እረኛ ሲጮህ ቁጥቋጦው ሰው ያወጣል፤ ከግራም ከቀኝም በትር የያዙ ወንዶች ብቅ ብቅ አሉ፣ ልጁም ሩጫውን ገታ።

ጋሼ የደረሱት ያኔ ነው። እዚህ ላይ ያደረጉትን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ እኔ ወሬውን የሰማሁት ወደራ ሻይ ቤት ነው፣ የነገሩኝም በቦታው የነበሩ ናቸው። መጀመሪያ ሩቅ ሳሉ ከብስክሌታቸው ወረዱ። ብስክሌቱን ከመንገዱ ዳር በጎኑ አስተኙት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያም ባዶ እጃቸውን፣ ሳይፈጥኑ፣ ከሰዎቹ ሁሉ በዕድሜ ወደሚበልጡት ሽማግሌ ሄዱና በኦሮምኛ «ነጋ?» አሉ፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ሽማግሌውም «ነጋ» ሲሉ መለሱ። ከዚያ ሰላምታው ቀጠለ፤ ቤተሰቡ ሰላም ነው ወይ፣ ልጆቹ ሰላም ናቸው ወይ፣ ከብቱ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናቡ ጥሏል ወይ፣ ሣሩ ደርሷል ወይ፣ እናንተስ ከየት ናችሁ፣ ሐዋሳስ ሰላም ነው ወይ። ስለ ድንጋዩ ማንም አላነሣም፤ ስለ ጊደሯም ማንም አላነሣም። ልጁ እዚያው ቆሞ ይቁነጠነጣል። በኋላ እንደተናገረው፣ ያ ሰላምታ ቦሬን ከመውጣት በልጦ ረዝሞበታል። ሰላምታው ሲያልቅ ግን በትሮቹ ሁሉ ከእጅ ወደ ትከሻ ተመልሰው ነበር።

ሽማግሌው ያኔ ወደ ነገሩ ገቡ። «ልጃችን ድንጋይ ወርውሯል» አሉ። «ሰው ላይ ድንጋይ መወርወር ነውር ነው፤ እሱን እኔ አስተምረዋለሁ። የአንተ ልጅ ደግሞ ከብቶቹ መካከል ሳይናገር ገብቷል፤ ይሄ ሰው ቤት ሳያንኳኩ ዘው እንደማለት ነው። አንተስ ያንተን ምን ታደርገዋለህ?»

ጋሼ አሰቡና «ጊደሯን ፈልጎ ያምጣ» አሉ።

«መንገዱን አያውቅም» አሉ ሽማግሌው። «ሁለቱም ይሂዱ።»

ወርዋሪውና የተወረወረበት ተያይዘው ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ። አንዱ ኦሮምኛ ብቻ ያውቃል፣ ሌላው ከአማርኛ ሌላ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ወተትም መጣ፣ በተለመደው የሣር ስፌት ጮጮ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ጋሼ ተቀብለው ጠጡና ለጎናቸው ሰው አሳለፉ። ሁለቱ ሲመለሱ ጊደሯ ከፊት፣ እረኛው ሄልሜቱን ራሱ ላይ ደፍቶ ከመሃል፣ የእኛ ልጅ ደግሞ እግሩን እሾህ ቧጭሮት፣ የእረኛውን በትር ተሸክሞ ከኋላ ነበር። ሽማግሌው «ቱፍ» ብለው ሁለቱንም መረቁ። ያንለት ከወደራ አላለፉም፤ የጎማው ሽቦ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበርና ሲጠገን ዋለ።

አሁን ነገሩን ትንሽ ልዘርጋው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሄንሪ ጎልድ የተባለ የካናዳ ሰው ቱር ዳፍሪክ የሚባል ጉዞ ጀመረ፤ ጥር ላይ ከካይሮ ተነሥተው፣ ዐሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት ተጉዘው፣ አራት ወር በሚጠጋ ጊዜ ኬፕታውን የሚገቡበት። መስመሩ በመተማ ይገባና በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በዓባይ በረሃ አድርጎ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ በያቤሎ ወደ ሞያሌ ይወርድ ነበር። ከእነዚህ ተጓዦች ብዙዎቹ ስለ አገራችን ሲጽፉ ሁለት ነገር ያነሣሉ፤ ዳገቱንና ድንጋዩን። እኛ ደግሞ ይህን ስንሰማ ሁለት ዓይነት እንሆናለን፤ አንዳንዶቻችን እናፍራለን፣ ሌሎቻችን እንቆጣለን። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ሆኛለሁ። የልጅ ድንጋይ ሰው ሊጥል፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ «ልጅ ነው» ተብሎ አይታለፍም፣ ወላጅ ሊያርመው፣ ሽማግሌ ሊገሥጸው ይገባል። ግን የእረኛ ልጅ ከመንጋው የወጣውን በሬ የሚመልሰው በድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ለእሱ መናገሪያው ነው። ሠላሳ ብስክሌተኛ ሰላምታውን ሳይመልስ በፊቱ ሽው ብሎ ሲያልፍ፣ ሠላሳ አንደኛውን ለማናገር የሚያነሣው እጁ የለመደውን ነው። አላመካኘሁለትም። ግን ካሁን ቀደም ያለፈ ደግ መንገደኛ ከረሜላና ብር እየበተነ የሄደበት መንደር ላይ ነገሩ ይብሳል፤ የሚቀጥለው ባዶ እጁን ሲያልፍ ዕዳ ያለበት ይመስላል። በእኔ ግምት፣ ከከረሜላው ይልቅ ወርዶ አንድ መቶ ሜትር ከልጆቹ ጋር መሄድ የበለጠ ይጠብቃል።

ደርቭላ መርፊን ሰምታችሁ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደችውን። ያቺ ሴት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቷን ትታ በቅሎ ይዛ ነበር በእግሯ የተጓዘችው። ዓለምን በብስክሌት የምታውቅ ሰው በዚህ አገር ተራራ ላይ በቅሎ መረጠች። በቅሎ የያዘ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ ሊያመልጥ አይችልም፤ ምክንያቷ ይህ ነበር አልልም፣ ግን ደስ ይለኛል።

ወደ መንገደኞቻችን ልመለስ። ከወደራ ተነሥተው የነገሌን ሜዳ ያዙ። ሙቀቱ እየበረታ፣ አፈሩ ቀይ እየሆነ፣ ግራሩ እያጠረ ሄደ። ነገሌ ሲገቡ ልጁ መጀመሪያ የጠየቀው ውሃ ነው፤ ጋሼም ውሃውን እስኪጠጣ ጠብቀው የዚያችን ከተማ የውሃ ታሪክ አወሩለት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው የምድር ጦር ብርጌድ አመፀ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ የመኮንኖቹን ጉድጓድ እንዳይጠቀም ተከልክሎ፣ ምግቡም የማይበላ ሆኖ ነበር። የምድር ጦር አዛዡ ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ነገሩን ለማጣራት ሲመጡ ወታደሮቹ ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። ዓመቱ ሳይዞር ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እርግጥ የዚያ ዘመን ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ነገሌ ላይ የተጀመረው በውሃ ነው። ልጁ ይህን ሰምቶ የያዘውን ኮዳ አየና፣ ሊደፋው የነበረውን ትራፊ ውሃ መልሶ ከደነው።

ከነገሌ ዳዋን ተሻግረው፣ በአሬሮ በኩል ባለው አቧራማ መንገድ ያቤሎ ገቡ፤ የዚያን መንገድ ወሬ እዘለዋለሁ፣ አቧራ ነው፣ ከአቧራው ሌላ ደግሞ አቧራ። ከያቤሎ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ግን ዱብሉቅ ላይ ቆሙ። ዱብሉቅ የቦረና ዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው፤ ወንዶች ከታች እስከ ላይ በደረጃ ቆመው፣ በቆዳ የተሠራውን ኦኮሌ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃ ያወጣሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራው የታወቀ ነው፤ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ አለ። ልጁ ዘፈኑን ሲሰማ ስልኩን አወጣ፤ ጋሼም እጁን ያዙት። ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙቀቱና በሥራው ምክንያት ልብሳቸውን ያወለቁ ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ያለን ሰው ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሣት የትም ነውር ነው፣ እዚያ ደግሞ ይብሳል። ስልኩን መለሰ። ኮዳውን ይዞ ወደ ገንዳው ሊወርድ ሲልም አላስወረዱትም፤ ገንዳው የከብቱ ነው፣ ለሰው የሚሆነውን ጠይቆ መቀበል ነው። ጠየቁ፣ ተሰጣቸው፣ አመሰገኑ፣ ዳር ቆመው ጠጡ።

ከዓመታት በኋላ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍና የቦረና ከብት እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ዱብሉቅ የተፈናቃይ መጠለያ ሆኖ ስሙ ሲነሣ፣ ልጁ አጎቱ ዘንድ ስልክ ደውሎ ስለዚያች ጊደር ጠይቆ ነበር ይባላል። ማን ያውቃል መልሱን።

ከዱብሉቅ በኋላ ያለው አስፋልት ጥሩ ነው። ችግሩም እሱ ነው። መንገዱ ሲያምር ሾፌሩ ይረግጣል፤ ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው፣ ቅጥቅጡ አውቶቡስ ሁሉ ወደ ሞያሌ ይጣደፋል። እዚህ ላይ ሁለቱ አንዱ ከኋላ አንዱ ከፊት ሆነው፣ ቢጫ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ክላክስ በሰሙ ቁጥር ዞር ብለው እያዩ ሄዱ። የእኛ ሾፌር ክላክስ የሚያደርገው ሁልጊዜ ለቁጣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ «መጣሁ» ማለቱ ነው፣ እጅ ቢያነሡለት ደግሞ መልሶ ያነሣል። አንዱ ሲኖትራክ ግን ክላክስም አላደረገ፣ ፍጥነትም አልቀነሰ፤ የነፋሱ ግፊት ብቻ ልጁን ከአስፋልቱ ገፍቶ ጠጠሩ ላይ ጣለው። ክርኑ ተላጠ፣ ሌላ አልሆነም። ጋሼ ቁስሉን አጥበው፣ መኪናው የሄደበትን አቧራ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ለድንጋዩስ ሽማግሌ አገኘን፤ ለዚህኛው ማንን ጠርተን እንታረቅ?» አሉ። ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም የለኝም፤ ከወደራ እስከ ሞያሌ የጠየቅኋቸው ሾፌሮችም «ባለንብረቱ ቶሎ ድረሱ ይለናል» ከማለት ሌላ አልነገሩኝም። ያን ቀን ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሜጋ ገብተው አደሩ፤ በዚያ መንገድ ማታ በብስክሌት መሄድ ለማንም አልመክርም።

በማግስቱ ሞያሌ ገቡ። ሞያሌ እንደምታውቁት አንድ ከተማ ሆና ሁለት አገር ናት፤ በእኛ በኩል መኪና በቀኝ ይነዳል፣ በኬንያ በኩል በግራ። ገና ድንበሩን የተሻገረ ሾፌር እጁ ወደለመደው ጠርዝ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ጋሼ የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ ሄዱ፣ ልጁም ሳይነገረው ወርዶ ተከተላቸው።

ለመመለስ አውቶቡስ ያዙ። ረዳቱ ሁለቱን ብስክሌት ጣራ ላይ ለመጫን የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀ። ጋሼ ሊከራከሩ ሲሉ ልጁ ቀደማቸውና ወደ ረዳቱ ጠጋ ብሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቤተሰቡን ጠየቀ፤ ልጆች አሉህ ወይ አለ፤ መንገዱ ሰላም ነበር ወይ፣ ሞያሌስ ዝናብ ጥሏል ወይ አለ። ረዳቱ እየሣቀ ሁሉንም መለሰ፣ ብስክሌቶቹንም በጥንቃቄ፣ ማርሹ እንዳይጎዳ ከሥሩ ጆንያ አንጥፎ፣ በገመድ አሰረለት። ከዚያም ወርዶ እጁን ዘረጋ። የሁለት ሰው ሒሳብ።